ነጭ ጉንጭ ቱራኮ ወይስ የሩስፖሊ ቱራኮ? በጥቂት ቀናት የትኛውን ፍለጋ መውጣት ይሻላል

የደን ወፎችን ለማየት ጥቂት ቀናት ብቻ ያሉት ሰው ከመንገዱ በፊት የሚያስጨንቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ቱራኮ ከሚባሉት ፍሬ በል ወፎች፣ ከኢትዮጵያ ሁለት የደጋ ቱራኮዎች የትኛውን ብሎ ይነሣ? አንደኛው ነጭ ጉንጭ ቱራኮ ነው። ይህ ወፍ በመሐል አገር በገዳማትና በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ በተረፉ ደኖች ሳይቀር ይገኛል፤ በዓለም ላይ ግን ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራና ከደቡብ ሱዳን ጠርዝ ውጭ አይታይም። ሁለተኛው የሩስፖሊ ቱራኮ ሲሆን በነጌሌ ቦረና፣ በገናሌ ወንዝና በአሬሮ ዙሪያ ካለው ጠባብ የደቡብ ኢትዮጵያ ምድር በቀር ሌላ አገር የለውም።

አብዛኛው ሰው ብርቅ የሆነውን ይመርጣል። እኔ ግን ይህን ምርጫ ለብዙዎች አልመክርም። ምክንያቴ የወፉ ውበት ማነስ አይደለም፤ ነጭ ጉንጩን ጠንቅቆ ያላወቀ ሰው ሩስፖሊን በእርግጠኝነት ለይቶ ማየት ስለማይችል ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ መጀመሪያ መመዘኛዎቹን አስቀምጣለሁ፤ ቀጥሎም ሁለቱን ወፎች በየመመዘኛው እመረምራለሁ፤ በመጨረሻም ለየሰዉ ጊዜና ኪስ የሚስማማውን ምክር እሰጣለሁ።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያውና ከሁሉም የሚበልጠው መመዘኛ የመለየት እርግጠኝነት ነው፤ ማለትም ወፉን ካየሁ በኋላ «ይኸኛው ነው፣ ያኛው አይደለም» ብዬ ያለጥርጥር መመዝገብ እችላለሁ ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው መኖሪያው ነው፤ የሚኖርበትን የደን ዓይነት፣ ከፍታውንና የሚመገብበትን ዛፍ ይመለከታል። ሦስተኛው ጊዜና ጉዞ፣ አራተኛው ወቅት፣ አምስተኛው ደግሞ የእኛ ጉብኝት በወፉ ላይ የሚያሳድረው ጫና ነው። ይህን የመጨረሻውን ብዙ የጉዞ መመሪያዎች ይዘሉታል፤ ለጠባብ መኖሪያ ወፍ ግን ከዋጋ ይልቅ ሊታሰብበት ይገባል።

ሁለቱን የሚያመሳስላቸው

ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው ማለት ይቻላል። ሁለቱም ርዝመታቸው 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አካላቸው ከርግብ ይበልጣል፣ ጅራታቸው ረጅም ነው፤ ፊታቸውና ደረታቸው አረንጓዴ፣ የዓይናቸው ዙሪያ ቀይ ነው። በቅርብ ዓመታት የወጡ ሳይንሳዊ ምደባዎች ሁለቱን ከሌሎች ቱራኮዎች ለይተው «ሜኔሊኮርኒስ» በሚል አንድ ወገን ውስጥ አስቀምጠዋቸዋል። ስሙ ከዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የተወሰደ ሲሆን፣ በዚህ ወገን ውስጥ ያሉት እነዚሁ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ክንፋቸው ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። ወፉ ተቀምጦ ሳለ አረንጓዴና ግራጫማ ሰማያዊ ብቻ ይመስላል፤ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲሻገር ግን ክንፉ ይዘረጋና ደማቅ ቀይ ድንገት ይገለጣል። ይህ ቀይ ቱራሲን የሚባል መዳብ ያለበት ቀለም ነው፤ እንግሊዛዊው የኬሚስትሪ ሊቅ አርተር ቸርች እ.ኤ.አ. በ1869 ነበር ምንነቱን ያሳወቀው። አረንጓዴውም ቱራኮቨርዲን የሚባል መዳብ ያለበት ቀለም ነው። በብዙ ወፎች አረንጓዴ ሆኖ የሚታየን ብርሃን በላባው ቅርጽ ላይ ተሰባብሮ ከሌላ ቀለም ጋር ሲዋሐድ ነው፤ የቱራኮ አረንጓዴ ግን ራሱ ቀለም ነው። ስለዚህ ክንፉ ቀይ፣ ደረቱ አረንጓዴ የሆነ ወፍ ያየ ሰው ቱራኮ ማየቱን እንጂ የትኛውን ማየቱን አላወቀም። በመስክ ላይ ከሚደርሰው ስሕተት ብዙው የሚነሣው ከዚህ ነው፤ ቀዩ ክንፍ ልብን ስለሚሰርቅ ሰው ጭንቅላቱን ማየት ይረሳል።

መለየት፦ ነጩ የት ነው?

አንድ ጥያቄ ብቻ መያዝ ይበቃል፤ ነጩ ያለው የት ላይ ነው?

በነጭ ጉንጩ ነጩ ያለው ፊቱ ላይ ነው። ከዓይኑ ፊት ለፊት ነጭ ነጥብ አለ፤ ከዓይኑ ኋላ ደግሞ ከጆሮው አካባቢ ተነሥቶ በአንገቱ ጎን ቁልቁል የሚወርድ ነጭ መስመር አለ። ጉትያው ጥቁር የሚመስል ጥልቅ ሰማያዊ ነው።

በሩስፖሊ ነጩ ያለው ከላይ ጉትያው ላይ ነው። ጉትያው ወተት መሳይ ነጭ ሲሆን ወደ ማጅራቱ ሲደርስ ደብዘዝ ወዳለ ቀይ ይለወጣል። ጉንጩና አንገቱ ንጹሕ አረንጓዴ ነው፤ ምንም ነጭ መስመር የለበትም።

ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ችግሩ የቱ ጋ ነው? ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛው ነጭ ጉንጩ ሁለት ንዑስ ዝርያዎች ያሉት መሆኑ ነው። ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ የሚገኘው ዶናልድሶኒ የሚባለው ንዑስ ዝርያ የጉትያው ጫፍ ቀይ ነው። በምዕራቡና በመሐል አገር ያለውን ጥቁር ጉትያ ብቻ የለመደ ሰው ወደ ደቡብ ወርዶ ጉትያው ጫፍ ላይ ቀይ ሲያይ «ይህማ ሌላ ነው» ይላል። እኔ ራሴ በዚህ ተሳስቻለሁ። ከክብረ መንግሥት ወደ ነጌሌ በሚወስደው መንገድ አጠገብ፣ ገና ጎሕ ሳይለቅ፣ በሐበሻ ጥድ አናት ላይ የተቀመጠ ቱራኮ ለጥቂት ሴኮንድ አየሁ፤ ከጉትያው ኋላ ቀይ ስለነበረበት ሩስፖሊ ብዬ በማስታወሻዬ ጻፍኩ፣ ደስታዬም ወሰን አልነበረውም። ማታ ፎቶውን አስፍቼ ስመለከት ከጆሮው ሥር የሚወርደው ነጭ መስመር በግልጽ ይታይ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉትያን አይቼ ብቻ ወስኜ አላውቅም፤ ጉንጩን እስካላየሁ ድረስ ማስታወሻው ላይ «ቱራኮ» ብቻ ይጻፋል።

ሁለተኛው ችግር ከባድ ነው። ሁለቱ ዝርያዎች መኖሪያቸው በሚገናኝበት አካባቢ እርስ በርስ እንደሚዳቀሉ ታውቋል። ድቅሉ የሁለቱንም ምልክት ቀላቅሎ ሊይዝ ይችላል፤ ነጣ ያለ ጉትያ ኖሮት ጉንጩ ላይም የነጭ ርዝራዥ ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ ሩስፖሊን ለመመዝገብ የጉትያው ነጭነት ብቻውን አይበቃም፤ የጉንጩ ንጽሕናም መረጋገጥ አለበት። ሁለቱን ምልክቶች አብሮ ያላየ ሰው የወፉን ማንነት ክፍት አድርጎ ቢተወው ይሻላል።

በድምፅ መለየትን አልመክርም። ሁለቱም ከጥቅጥቅ ቅጠል ውስጥ ወፍራምና ሻካራ ድምፅ ደጋግመው ያሰማሉ፤ ድምፁ ወፉ ያለበትን ዛፍ ለማግኘት እጅግ ይጠቅማል፣ የወፉን ማንነት ለመወሰን ግን አያስተማምንም።

መኖሪያና ምግብ

ነጭ ጉንጩ ለመኖሪያው ብዙም አይመርጥም። እስከ 3,000 ሜትር በሚደርሱ የደጋ ደኖች፣ በወንዝ ዳር ዛፎች፣ በገዳማት አጸድ፣ አልፎ ተርፎም በአዲስ አበባ ውስጥ ትልልቅ ዛፍ ባላቸው ግቢዎች ይታያል። ዝግባ፣ ጥድ፣ ወይራ፣ ሾላና ዋርካ ባለበት፣ ፍሬም በጊዜው ካለ፣ እሱ አለ። እ.ኤ.አ. በ1835 በጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሩፔል ለሳይንስ ከተገለጸ ጊዜ ጀምሮ የት እንደሚገኝ ጥያቄ ሆኖ አያውቅም።

የሩስፖሊ ታሪክ የዚህ ተቃራኒ ነው። ጣሊያናዊው ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጀመሪያ በደቡብ ኢትዮጵያ ሲጓዝ አንድ ናሙና ሰበሰበ፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1893 ዝሆን ስለገደለው ወፉን የት እንዳገኘው የሚናገር ጽሑፍ ሳይተው ቀረ። ናሙናው ወደ ጣሊያን ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ1896 በአዕዋፍ ተመራማሪው ሳልቫዶሪ አዲስ ዝርያ ተብሎ ተሰየመ። ወፉ በስም ታወቀ፣ አገሩ ግን አልታወቀም፤ እስከ 1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ድረስም የደረሰበት አልነበረም። በዚያን ጊዜ ቤንሰን የተባለ እንግሊዛዊ የአዕዋፍ ተመራማሪ በአሬሮ ደን አገኘው።

የሩስፖሊ መኖሪያ ከ1,300 እስከ 2,000 ሜትር አካባቢ ባለው ከፍታ ላይ፣ ደጋው ወደ ቆላ በሚሻገርበት ጠርዝ ነው። ሥሩ በቁጥቋጦ የተሞላ የጥድ ደን፣ ከጥድ ወደ ግራር የሚለወጥ ዳርቻ፣ ወንዝን ተከትሎ የሚሄድ የሾላ መስመር፤ እነዚህ ናቸው ቤቶቹ። ወፉን መጽሐፍ ላይ ብቻ የሚያውቅ ሰው ጥልቅ ደን ውስጥ ገብቶ ይፈልገዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ግን በዳርቻው፣ አንዳንዴም በእርሻ መካከል በተረፈ ሾላ ላይ ነው። ስለዚህ በደቡብ ጉዞ ጫካውን ከማቋረጥ ይልቅ ፍሬ ያዘለ ሾላ ፈልጎ ከርቀት ቁጭ ማለት ይበልጥ ያዋጣል። የሾላው ሥር በወደቀ ፍሬ ከተሞላ፣ ላዩ ላይ ርግቦችና ቀንደ-ምንቃር ወፎች ከተንጫጩ፣ ቱራኮውም ሩቅ አይሆንም። ሲመጣም በቅርንጫፉ ላይ እንደ ሽኮኮ ይሮጣል እንጂ አይበርም፤ ፍሬውን ቀጥፎ ሙሉውን ይውጣል፣ ጉትያውን ቀና ያደርጋል፣ ይቆማል። ጉንጩን ማየት ያለብን ያን ጊዜ ነው።

በመኖሪያ ረገድ ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ አሳሳቢ ነገር አለ። ደኑ ሲመነጠር፣ ጥድ ለቤትና ለአጥር ሲቆረጥ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2000 ባሌንና ቦረናን እንደመታው ያለ ቃጠሎ ሲነሣ፣ ጠባብ አገር ያለው ሩስፖሊ የሚሸሽበት ሌላ ቦታ የለውም። ነጭ ጉንጩ ግን በሰፊ ምድር የተሰራጨ በመሆኑ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ዝቅተኛ ስጋት ካለባቸው መካከል ነው።

ጊዜ፣ ጉዞና ወቅት

ነጭ ጉንጩን ለማየት ከአዲስ አበባ ግማሽ ቀን ይበቃል። መናገሻ ሱባ ደን፣ እንጦጦ፣ ደብረ ሊባኖስ ሁሉም በማለዳ ተነሥቶ የሚደረስባቸው ናቸው። ወንዶ ገነት ላይ ደግሞ ከቅርብ ይታያል፤ ለፎቶ አንሺ ከምመክራቸው ቦታዎች የመጀመሪያው ይኸው ነው።

ለሩስፖሊ ግን ከአዲስ አበባ ወደ ነጌሌ ቦረና 600 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ያስፈልጋል። በአንድ ቀን መድረስ ይቻላል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ደክሞ የደረሰ ሰው በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ መነሣት አይችልም፣ ቱራኮ ደግሞ የማለዳ ወፍ ነው። ደርሶ መልስን ጨምሮ ከአምስት ቀን በታች የሚያቅድ ሰው ዕድሉን ያጠባል። የመኪና ኪራይ፣ ነዳጅ፣ የአሽከርካሪና የአስጎብኚ አበል ሁሉ በቀን ስለሚቆጠር፣ ወጪው ከነጭ ጉንጩ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ከመነሣት በፊት የመንገዱን ሰላም ከአካባቢው ሰዎች ማጣራትም የግድ ነው፤ ይህን ስልክ ደውሎ በዚያው ሳምንት መጠየቅ እንጂ ከወራት በፊት በተሰማ ወሬ መወሰን አይገባም።

ወቅቱም ይለያያል። በመሐል አገር ደኖች ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ክረምት ይከብዳል፤ ጭጋግና ዝናብ ባይኖኩላሩን ያደበዝዛሉ፣ የደን መንገድም ጭቃ ይሆናል። በቦረና ግን ዝናቡ ሁለት ጊዜ ነው፤ ዋናው ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ጋና፣ ትንሹም በጥቅምትና በኅዳር የሚመጣው ሀገያ ነው። ስለዚህ መሐል አገር በክረምት ሲዘጋ ደቡቡ ደረቅ ሊሆን ይችላል። በእኔ ግምት ለሩስፖሊ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ የተሻለ ነው፤ መንገዱ ይደርቃል፣ ፍሬ ያላቸው ዛፎችም ስለሚያንሱ ወፎቹ በጥቂቶቹ ላይ ይሰበሰባሉ።

በወፉ ላይ የሚያደርሰው ጫና

ድምፅ በስልክ አጫውቶ ወፍን መጥራት አሁን የተለመደ ነው። ለነጭ ጉንጩ እንኳ አልወደውም፤ ለሩስፖሊ ግን ጨርሶ መተው አለበት። በየሳምንቱ አንድ የጎብኚ ቡድን እዚያው ሾላ ሥር ቆሞ ድምፅ ቢያጫውት፣ ወፉ ክልሉን ለመከላከል ከምግቡና ከጎጆው ይነሣል፤ ጎብኚው ሲሄድ ሌላ ይመጣል። ፍሬ ካለው ዛፍ 30 ሜትር ያህል ርቆ በጸጥታ መቀመጥ ለወፉም ለተመልካቹም ይበጃል። ሾላው የሰው እርሻ ውስጥ ከሆነ ባለቤቱን ማስፈቀድ፣ ለዛፉ ጥበቃም ማመስገን ተገቢ ነው፤ ያ ዛፍ ያልተቆረጠው ገበሬው ስላቆየው ነውና።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| መመዘኛ | ነጭ ጉንጭ ቱራኮ | የሩስፖሊ ቱራኮ |
|---|---|---|
| ነጩ ያለበት ቦታ | ከዓይን ፊትና በአንገት ጎን | ጉትያው ላይ |
| ጉትያ | ጥቁር ሰማያዊ፤ ከስምጥ ሸለቆ ምሥራቅ ጫፉ ቀይ | ወተት መሳይ ነጭ፣ ማጅራቱ ቀላ ያለ |
| ጉንጭ | ነጭ ምልክት ያለበት | ንጹሕ አረንጓዴ |
| ስርጭት | ኢትዮጵያ፣ ኤርትራ፣ የደቡብ ሱዳን ጠርዝ | ደቡብ ኢትዮጵያ ብቻ |
| መኖሪያ | የደጋ ደን፣ ወንዝ ዳር፣ አጸድ፣ የከተማ ግቢ | የጥድ ደን ዳርቻ፣ ግራር፣ የወንዝ ዳር ሾላ |
| ከአዲስ አበባ የሚወስደው ጊዜ | ግማሽ ቀን | ቢያንስ አምስት ቀን |
| የሚሻለው ወቅት | ከጥቅምት እስከ የካቲት | ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት |
| የመሳሳት ዕድል | ዝቅተኛ | ከፍተኛ፣ ድቅል ስላለ |

ለማን የትኛው?

አንድ ቀን ብቻ ያለው፣ ወይም ልጆችንና ተማሪዎችን ይዞ የሚወጣ ሰው ያለማመንታት ነጭ ጉንጩን ይምረጥ። ብርቅ ስላልሆነ ያነሰ ወፍ አይደለም። ለአንድ ልጅ ቀዩ ክንፍ ሲዘረጋ ማየት ከየትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ገጽ ይበልጣል፤ ከኢትዮጵያና ከጎረቤቶቿ ውጭ የማይገኝ ወፍ መሆኑንም በዚያው ማስረዳት ይቻላል።

ሦስትና አራት ቀን ያለው ሰው በጣም ይቸገራል፤ ወደ ነጌሌ ለመሮጥ የሚገፋፋው ጊዜ ይኸው ነው። ለእርሱ የምመክረው ወንዶ ገነትን መሠረት አድርጎ ነጭ ጉንጩን ጠዋትና ማታ፣ ከሁሉም አቅጣጫ፣ በጥላም በብርሃንም እንዲያጠናው ነው። በቀጣዩ ዓመት ወደ ደቡብ ሲወርድ ይህ ልምድ ከማንኛውም ውድ ባይኖኩላር ይልቅ ይጠቅመዋል።

አንድ ሳምንትና ከዚያ በላይ ያለው፣ ወጪውንም የሚችል ሰው ሩስፖሊን ዋና ዓላማ ያድርግ፤ ግን ለእርሱ ብቻ አይሂድ። የሊበን ላርክ፣ ማለትም በነጌሌ አጠገብ ባለው የሣር ሜዳ ላይ የሚኖረው ትንሽ ወፍ፣ በዚያው ጉዞ ላይ ነው፤ ከአሬሮ ወደ ያቤሎ ከተዘለቀም የኢትዮጵያ ቁጥቋጦ ቁራና ነጭ ጅራት ወንጭፊት አሉ። እንዲህ ከተጣመረ የረጅሙ መንገድ ወጪ በአንድ ወፍ ላይ አይወድቅም፤ ቱራኮው ባይታይም ጉዞው አይባክንም።

ፎቶ አንሺ የሆነ ሰው ስለ ካሜራው ሌንስ ርዝመት ከመጨነቁ በፊት ስለ ማዕዘኑ ያስብ። ከሥር ወደ ላይ የተነሣ ፎቶ ሆድና ጅራት ብቻ ያሳያል፤ ሁለቱን ወፎች ለመለየት የሚያስፈልገው ደግሞ የጎን ፊት ነው። ተዳፋት ላይ ቆሞ የሾላውን አናት በትክክል ፊት ለፊት የሚያይ ቦታ መፈለግ አለበት።

መረጃ ለመመዝገብ የሚሄድ፣ ኢበርድ የተባለውን የወፍ መመዝገቢያ ድረ ገጽም ይሁን የራሱን ደብተር የሚጠቀም ሰው፣ ከሁሉም በላይ ደቡቡን ይምረጥ፤ ሁለቱ ዝርያዎች የሚገናኙበትን መስመር በዓመታት ልዩነት መከታተል ትልቅ አስተዋጽዖ ነው። ያየውን ወፍ ሁሉ የጉትያውን ቀለም፣ ከዓይን ፊት ነጭ መኖር አለመኖሩን፣ የአንገቱን ጎን፣ የተቀመጠበትን ዛፍና ከፍታውን ለየብቻ ይጻፍ። ጉትያው ነጭ ሆኖ ጉንጩም ነጭ ካለበት በሁለቱም ዝርያ ስም ሥር አያስገባው፤ «ድቅል ሊሆን የሚችል» ብሎ ከነፎቶው ያስቀምጠው።